የሞርፊን ምርት ቁጥጥር ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

ሞርፊን ከባድ ሕመም ማስታገሻ ነው። ካንሰሩ አጥንቱ ድረስ የዘለቀበት ሰው፣ ፓራሲታሞል አልበጅ ሲለው እንቅልፍ የሚያገኘው በእሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶችን ዝርዝር በ1977 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲያወጣ ሞርፊን ነበረበት፤ ዛሬም አለበት። ያለአግባብ ሲወሰድ ግን ሱስ ያስይዛል። ከልክ ካለፈም ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ ማንም ፋብሪካ ገበያ አይቶ ብቻ አያመርተውም።

የአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ሰፈር እየሆነ ነው። ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ወደ ገላንና ዱከም ወረድ ሲባልም ፋብሪካዎች አሉ። እዚህ ሞርፊን ላምርት የሚል ድርጅት ማሽን ከመትከሉ በፊት ኮታውን ማወቅ አለበት።

ኮታው የሚነሳው ከ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ነው። እያንዳንዱ አገር ለሕክምና የሚያስፈልገውን መጠን በየዓመቱ ገምቶ ቪየና ላለው ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃል። ከግምቱ በላይ ማስገባትም ማምረትም አይቻልም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አምና ትንሽ የተጠቀመ አገር ዘንድሮም ትንሽ ይገምታል። መድኃኒት አጥቶ ሲያቃስት የኖረ ሕመምተኛ በፍጆታ ሪፖርት ላይ አይታይም። ስምምነቱ ግን በር አልዘጋም፤ ዓመቱ ሳያልቅም ተጨማሪ ግምት ማቅረብ ይፈቅዳል።

የሞርፊኑ ጥሬ ዕቃ፣ ማለትም ዱቄቱ፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለአንድ ጭነት የአስገቢው አገር ፈቃድም የላኪው አገር ፈቃድም ያስፈልጋል። እኛ ጋ ተቆጣጣሪው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ አዋጁም 1112/2011 ነው። አምራቹ ፈቃድ ያወጣል፣ ክምችቱን ይቆልፋል፣ የገባውንና የወጣውን ይመዘግባል። በስምምነቱ መሠረት መዝገቡ ቢያንስ 2 ዓመት ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገርመው ነገር ሥራው ቀላል መሆኑ ነው። የሚጠጣው ሞርፊን ዱቄት፣ ንጹህ ውኃና እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው። ዋጋውም ርካሽ ነው። ኡጋንዳ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈሳሹን እዚያው እያዘጋጀች ለሕመምተኞች ታድላለች።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለተኛ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፈሳሹ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ አስታማሚዋ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እየለካች ቀን ከሌት በሰዓቱ ትሰጣለች። ሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። ማዘዣው ከተራው የተለየ ነው፤ በየሰፈሩ ፋርማሲ ልግዛው ቢሉም አይገኝም። ጠርሙሱ ሲያልቅ ታክሲ ይዞ ወደ መሀል ከተማ መሄድ ነው። «እንዳይለምድበት» የሚል ዘመድም አይጠፋም። በሐኪም ልክ ለሕመም የተሰጠ ሞርፊን ግን እንዲህ በቀላሉ ሱሰኛ አያደርግም።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ጥናት እንዳለው፣ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ገደማ የሞርፊን ወገን መድኃኒት ለድሃ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ቁጥጥሩ ይነሳ አልልም፤ ሱስ ያፈረሰው ቤት ብዙ ነው። ግን ያው የ1961ዱ ስምምነት መግቢያው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉና በበቂ መቅረብ እንዳለባቸው ይናገራል። ስለዚህ ግምቱን ከፍ አድርጎ ማቅረብና ለአቅራቢያው ፋብሪካ ፈቃድ መስጠት ሕግ መጣስ አይደለም።