የመኪና «ማሳ» ምንድን ነው?

ሞተሩ ወርዶ፣ ፋሻና ኩሽኔታ የሚባሉት የውስጥ ክፍሎቹ ተቀይረውለት፣ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ተመልሷል። ባትሪው አዲስ ነው። ቁልፉ ሲዞር ግን «ጠቅ» ይልና ዝም። ብዙ ሰው ወዲያው ባትሪውን፣ ቀጥሎም ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ይጠረጥራል። እኔ አስቀድሜ የማየው ማሳውን ነው።

የጤፍ ማሳ ማለቴ አይደለም። ይህኛው ማሳ እንደ ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ቃል ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበት ብረት ነው። የኤሌክትሪክ ጉዞ ደርሶ መልስ ነው፤ መመለሻ ካጣ መሄዱም ይቀራል። መኪና ላይ መሄጃው በሽቦ ይዘረጋል፣ መመለሻው ግን በአብዛኛው የሞተሩና የቦዲው ብረት ራሱ ነው።

ሞተሩ ግን ቦዲው ላይ በቀጥታ አልተቀመጠም፤ የተቀመጠው ጎማ ላይ ነው፣ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ባትሪውና ወደ ቦዲው የሚሄድ ወፍራም ገመድ፣ አንዳንዴም እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ መዳብ ይታሰራል። ሞተር ሲወርድ ይህ ይፈታል፤ ሲመለስ ይረሳል። ባይረሳም በአዲሱ ቀለም ላይ ይታሰራል፣ ይህም ከመረሳቱ ብዙም አይሻልም።

«መብራቱ ደምቆ ይበራል፣ ማሳው ደህና ነው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። አምፖል የሚፈልገው ጥቂት አምፒር ነው። የትንሽ መኪና ሞተሪኖ ግን ከ100 እስከ 200 አምፒር ሊስብ ይችላል። 150 አምፒር 0.02 ኦም ብቻ በሚቃወም ማሰሪያ ውስጥ ሲያልፍ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከባትሪው 12 ቮልት ሩቡ ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንድ አሮጌ ኮሮላ ለማስነሳት ስንታገል የነዳጅ መስጫውን ገመድ ነካሁትና እጄን ፈጀኝ። ማሳው ተረስቶ ስለነበር የሞተሪኖው ኃይል ሁሉ በዚያች ቀጭን ገመድ ሊመለስ ይጋፋ ነበር።

ለመመርመር መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በዲሲ ቮልት አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጋቲቭ ምሰሶ ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም)፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ አስነኩና ሰው ቁልፉን ያዙር። 0.2 ቮልት ገደማ ጤና ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ማሳው ታማሚ ነው። ሞተሪኖው ምንም ካልሳበ ግን ዜሮ ማየታችሁ አያጽናናችሁ፤ የሚያልፍ ነገር ስለሌለ ነው። መልቲሜትር ከሌለ ባትሪ ከባትሪ በሚያገናኘው ወፍራም ገመድ ነጋቲቩን በቀጥታ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ከተነሳ በሽታው ታወቀ፤ ገመዱ የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ቀጫጭኖቹን ማሳዎች ፈልጉ። ብዙ ጊዜ አየር ማስገቢያው ላይ በአንዲት ትንሽ ብሎን ይታሰራሉ፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ የሚመለሰው በእነሱ ነው።