«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»፦ ሎሚ እንዴት ጌጥ ሆነ?

ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን። የእድር መዋጮ ሲጠየቅ ይነገራል። ክረምት ገብቶ ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጠሩም ይነገራል። ትርጉሙን ስንጠየቅ ግን «ሥራ ሲካፈሉት ይቀላል» ብለን እናልፋለን። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

እስቲ ቃሎቹን ልብ እንበላቸው። አባባሉ ድንጋይ አላለም፣ ሎሚ ነው ያለው። የእኛ አገር ሎሚ ትንሽ ናት። ሃምሳው አንድ ላይ ቢመዘን ሰው የሚያጎብጥ አይደለም። ግን እጅ አይበቃውም። አንዱን ሲይዙት ሌላው ይንከባለላል። ዘንቢል ይፈልጋል፣ ያኔ ሸክም ሆነ።

«ጌጡ» የሚለውስ? መልሱ ኑሯችን ውስጥ ነው ያለው። ሎሚ በእጅ ይዘው የሚያሸቱት ነገር ነው። ዛሬም ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሎሚ ሲያሸት ታያላችሁ። በጥምቀት ደግሞ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። አንዲት ሎሚ በእጅ ስትያዝ መዓዛ አላት፣ ታምራለች፣ መልእክትም ታደርሳለች። እንግዲህ አባባሉ ለሃምሳ ሰው «ይቀለዋል» ብሎ አላበቃም። ያምርበታል ነው ያለው። እኔ ይህን አባባል የምወደው ለዚህ ነው።

ወጣቶችን ስለ በጎ ፈቃድ ስናስተምር የምንረሳው ይህችን «ጌጥ» ይመስለኛል። «ግዴታህ ነው፣ አገር ትጠብቅሃለች» እንላለን። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ፊደል ቆጥረው ያስቆጠሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ ነበሩ። መሄድ አለመሄድ ግን ምርጫቸው አልነበረም። በጎ ፈቃድ፣ ስሙ እንደሚለው፣ ፈቃድ ይፈልጋል።

ሌላም የምንሳሳተው አለ። በየሰፈሩ አንድ ጎበዝ ልጅ አይጠፋም። ደም ልገሳ ሲመጣ ቀስቃሹ እሱ፣ ለታናናሾቹ ማጠናከሪያ ትምህርት ሰጪው እሱ፣ ችግኝ ተካዩም እሱ። ሃምሳውን ሎሚ አሸክመነው በሁለተኛው ዓመት ሲጠፋብን «የዘንድሮ ልጅ» ብለን እናማዋለን። የገጠሩ ደቦ እንዲህ አይደለም። አጫጁ ያጭዳል፣ ሴቶቹ ምግብና ጠላውን ያሰናዳሉ፣ ትንሹ ልጅ ውኃ ያመላልሳል። ሁሉም በእጁ የምትያዝ አንዲት ሎሚ አለችው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የአንዲት እናት ቤት ታድሶ ነበር። ጣራው ያፈስ ነበር፣ ግድግዳውም ጎብጧል። ወጣቶቹ ጭቃ ረገጡ፣ አናጺው ቆርቆሮውን አነሳ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ዳር ቆሞ ያያል። «እኔ ምንም አልችልም» አለኝ። አናጺው ጠራውና ከአሮጌው እንጨት የተነቀሉ ጎባጣ ሚስማሮች ሰጠው። «እነዚህን አቃናልኝ» አለው።

ልጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ ምሳ ሰዓት ሚስማር ሲያቃና ዋለ። አውራ ጣቱን ሁለቴ መታ። አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ አናጺው ከላይ ሆኖ «ሚስማር!» ባለ ቁጥር መሰላሉን ይዞ የሚያቀብለው እሱ ሆነ።

አሁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያ ቤት በኩል ነው የሚያልፈው፤ መንገዱ ይረዝምበታል እንጂ አያሳጥርለትም። ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ በሩን አንኳኩቶ «እማማ፣ አፈሰሰ እንዴ?» ይላል።