ፕሮሰሰርን ኦቨርክሎክ ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ፕሮሰሰሩ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማስገደድ ነው። ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ሁለት ሦስት ቁጥር መቀየር ስለሚመስል ወሬው ብዙ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልጥቀስ።

«በነፃ የሚገኝ ፍጥነት ነው፤ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል»

አንድ ሰሞን ለእውነት የቀረበ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ፕሮሰሰር የሚሸጠው 300 ሜጋኸርዝ ተብሎ ነው። የማዘርቦርዱ ባስ (ፕሮሰሰሩ እያባዛ ፍጥነቱን የሚያገኝበት መነሻ ምት) ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ሲቀየር ግን ብዙዎቹ 450 ላይ ያለ ችግር ይሠሩ ነበር። ግማሽ ያህል ፍጥነት በምርቃት! ዛሬ ያንን ትርፍ ፋብሪካው ራሱ አሟጦ ይሸጠዋል። የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከፈቀደለት ማንም ሳይነካው እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚጨመቀው ጥቂት ነው።

ደግሞም ሁሉም አይፈቅድም። ከኢንቴል በአብዛኛው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ያለባቸው ናቸው ክፍት፤ ማዘርቦርዱም የሚፈቅድ ዓይነት መሆን አለበት። የኤኤምዲ ራይዘን ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፣ እንደ 5800ኤክስ3ዲ ያለው ግን ዝግ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩን እርሱት፤ ቢከፈትም እንኳ ያቺ ትንሽ ፋን አትችለውም። ላፕቶፑ ከተንቀራፈፈ አቧራውን አስጠርጉ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት) አስቀይሩ፣ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) አስገቡለት። ልዩነቱን ያኔ ታዩታላችሁ።

«ፍጥነቱን 10 በመቶ ብጨምር ሙቀቱም 10 በመቶ ቢጨምር ነው»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይንገዳገድ ቮልቴጅም ይጨመርለታል። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። 100 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር ፍጥነቱም ቮልቴጁም 10 በመቶ ቢጨምር፣ በ1.1 ሦስት ጊዜ ይባዛል (አንዴ ለፍጥነቱ፣ ሁለቴ ለቮልቴጁ)፤ 133 ዋት አካባቢ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ዋት ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው ካልቻለው ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደክማችሁ ደክማችሁ ከበፊቱ የባሰ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

«ኦቨርክሎክ ካደረጋችሁት ይቃጠላል»

ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጠፋል እንጂ ወዲያው አይቃጠልም። የሚያስፈራው ቮልቴጅ ነው። በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ላይ እንዳሉ ተቃጥለው ነበር። ኤኤምዲ ያኔ የኤስኦሲ ቮልቴጅ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን ለሚቆጣጠረው ክፍል የሚሰጠው) ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ በባዮስ ማሻሻያ ገደበው። በ2024 ደግሞ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ሲጎዱ፣ ኦቨርክሎክ ያላደረጉ ሰዎችም አልቀረላቸውም። ኢንቴል ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። እንግዲህ «ምንም ካልነካሁት ምንም አይሆንም» የሚለውም ሙሉ በሙሉ አያስተማምንም።

«ዊንዶውስ ከከፈተ አለቀ»

ገና መጀመሩ ነው። ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ዴስክቶፑን በሰላም ያሳያችሁና ቪዲዮ ኤክስፖርት ስታደርጉ 90 በመቶ ላይ ቀጥ ይላል። የባሰው ሳይቆም ሲቀር ነው፤ አንድ ስሌት በጸጥታ ይሳሳትና ፋይሉ ተበላሽቶ ይቀመጣል። ስለዚህ እንደ ፕራይም95 ባለ ፕሮግራም ለሰዓታት አስጨንቆ መፈተን የግድ ነው።

«ጌም ይፈጥናል»

ግራፊክስ ካርዱ 99 በመቶ እየሠራ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ብታፈጥኑት በሴኮንድ የሚታየው የፍሬም (የምስል) ብዛት ንቅንቅ አይልም።

«እኔ ኤክስኤምፒ ብቻ ነው የከፈትኩት፣ እሱ ኦቨርክሎክ አይደለም»

ነው እንጂ! ኤክስኤምፒም የኤኤምዲው ኤክስፖም ራምን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ያስኬዳሉ። ሁለቱም ኩባንያዎች እንደ ኦቨርክሎክ ይቆጥሩታል፤ በዚያ ሰበብ የመጣ ብልሽት ከዋስትና ውጭ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ግን ራሙን የሚያስተዋውቀው በዚያው ከፍ ባለው ፍጥነት ነው።