ስለ አብሲንት የሚነገረው ስሕተትና እውነታው

በመጠጥ አቀራረብ ሥልጠና ላይ አብሲንት (ከመራራ ቅጠልና ከአኒስ የሚሠራው ጠንካራ የአልኮል መጠጥ) በተነሣ ቁጥር «የሌለ ነገር ያሳያል፣ ያሳብዳል» የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሐሰት ነው፤ ዛሬም ነጋዴዎች ጠርሙሱን ለመሸጥ ስለሚጠቀሙበት ደጋግሞ ማረም ግድ ሆኗል።

ወሬው የተነሣው ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን በሆነው መራራ ቅጠል ውስጥ ከሚገኘው ቱጆን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የፓሪሱ ሐኪም ቫለንታን ማኛን የቅጠሉን ንጹሕ ዘይት ለእንስሳት ሰጥቶ ሲንፈራገጡ አየና ጠጪዎችም የሚታመሙት በዚሁ ምክንያት ነው ብሎ ደመደመ። በብርጭቆ ውስጥ ያለው መጠን ግን ከዚያ ዘይት ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ምርመራ፣ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ መጠጡን ከማገዳቸው በፊት የታሸጉ 13 ጠርሙሶች ተፈትሸው በአማካይ በሊትር 25 ሚሊ ግራም ገደማ ቱጆን ብቻ ተገኝቶባቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ዛሬ ለዚህ መጠጥ የሚፈቅደው በኪሎ እስከ 35 ሚሊ ግራም ነው። ሰውን የጎዳው 70 በመቶ እንኳ የሚደርሰው አልኮል ነበር፤ በርካሹ ላይ ደግሞ አረንጓዴ እንዲመስል የሚጨመረው የመዳብ ጨው።

ለክሱ ማስረጃ ተደርጎ የሚጠቀሰው የስዊዘርላንዱ ዣን ላንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1905 ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ገደለ። ያን ቀን ብዙ ወይንና ኮኛክ ጠጥቶ ሳለ፣ ጥፋተኛ የተባለው አስቀድሞ የቀመሰው ጥቂት አብሲንት ሆነ። ሀገሪቱም በ1908 በሕዝብ ድምፅ አገደችው።

አሁንም የተከለከለ ነው የሚሉ አሉ፤ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ፈረንሳይ ደግሞ በ2011 እገዳውን አንሥተዋል። አረንጓዴ ያልሆነው ሐሰተኛ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ በስዊዘርላንድ ቀለም አልባው የተለመደ ነው። ውኃ ሲገባበት መደፍረሱም የመርዝ ምልክት አይደለም፤ ኡዞ የተባለውን የግሪክ የአኒስ መጠጥ የሚያውቅ ሁሉ እንዳየው፣ የአኒስ ዘይት በአልኮል ይሟሟል እንጂ በውኃ አይሟሟም።

ከመጠጡ ጋር የሚቀርበውን ስኳር በእሳት ማቀጣጠል ጥንታዊ ወግ ነው የሚባለውን በተለይ አልታገሥም። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቼክ መጠጥ ቤቶች የተስፋፋ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹ የፓሪስ ካፌዎች ስኳሩን በቀዳዳ ማንኪያ ላይ አኑረው ቀዝቃዛ ውኃ ያንጠባጥቡበት ነበር። ከሠልጣኞቼ አንዱ በሥራ ቦታው ይህን የእሳት ትርኢት ሲያሳይ ነበልባሉ ወደ እጁ ተሻግሮ ክፉኛ አቃጥሎታል። ስለዚህ ክብሪቱን ተዉት። አንድ እጅ መጠጥ ቅዱ፣ ከሦስት እስከ አምስት እጅ በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ በዝግታ ጨምሩበት፣ ስኳሩንም ጣዕሙን ካያችሁ በኋላ ካስፈለገ ብቻ አክሉ፤ ውኃው ተቻኩሎ ከፈሰሰ የቅጠሉ መዓዛ ሳይወጣ ይቀራል።