ባክስዊንግ ላይ የሚሰጡ ምክሮች፦ የቱ ልክ፣ የቱ የተጋነነ?

ጎልፍ የጀመረ ሰው መካሪ አያጣም። ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሳ፣ ማለትም ባክስዊንጉን ሲጀምር፣ አጠገቡ የቆመው ሁሉ አሰልጣኝ ይሆናል። ብዙው ምክር ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ሲጋነን ነው የሚያበላሸው። ከታች ያለው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

«ግራ ክንድህ ቀጥ ይበል!»

ይሄን ያልሰማ የለም። የሰማው ሰው ክርኑን ይቆልፋል። ከዚያ ትከሻውም አንገቱም አብረው ይደርቃሉ፤ ሰውነቱ መዞር ያቅተዋል። አሜሪካዊው ካልቪን ፒት በልጅነቱ ግራ ክርኑ ተሰብሮ ክንዱን መዘርጋት አይችልም ነበር። ጎልፍ የጀመረውም በ23 ዓመቱ ነው። ሆኖም በፈረንጆቹ ከ1981 እስከ 1990 ለ10 ተከታታይ ዓመታት ድራይቭን (የመጀመሪያውን ረጅም ምት) ቀጥ አድርጎ በመምታት ፒጂኤ ቱርን፣ ማለትም የአሜሪካን የፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድር፣ መርቷል። 12 ውድድርም አሸንፏል። ክንዱ ዘና ብሎ ይዘርጋ እንጂ አይገተር።

ዋናው ነገር ክንድና ደረት አብረው መሄዳቸው ነው። ለዚህ ትንሽ ፎጣ ግራ ብብታችሁ ስር ወሽቁ። ዱላውን እስከ ወገብ ብቻ አንሱ። ደረታችሁ ዞሮ ክንዱን ይዞት ከሄደ ፎጣው አይነቃነቅም። ከወደቀ ክንዳችሁ ብቻውን ነው የሄደው። ይሄ የግማሽ ስዊንግ ልምምድ ነው፤ በሙሉ ስዊንግ ፎጣውን በግድ ለመያዝ አትታገሉ።

«ጭንቅላት ንቅንቅ እንዳይል»

ጭንቅላቱን እንደ ሐውልት ያቆመ ሰው ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ይቀራል፤ ሲመታ ደግሞ ወደ ኋላ ይወድቃል። በ1988 እና በ1989 ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች (ሜጀሮች) አንዱን፣ ዩኤስ ኦፕንን፣ ያሸነፈው ከርቲስ ስትሬንጅ ጭንቅላቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ በግልጽ ይታይ ነበር። ትንሽ ቢሄድ ችግር የለውም። መጥፎው ዳሌ ሳይዞር ወደ ጎን ሲንሸራተት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ መቀመጫችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ዙሩ። ግራ መቀመጫ ከግድግዳው ለቆ ቀኙ ከተጫነ ዞራችኋል። ሁለቱም ግድግዳውን እያሻሹ ወደ ቀኝ ከሄዱ ተንሸራታችኋል።

«በረዘመ ቁጥር ኳሱ ይርቃል»

ጆን ራም ባክስዊንጉ አጭር ነው። ሲወለድ ቀኝ እግሩ ላይ ችግር ስለነበረበት ቁርጭምጭሚቱ እንደ ልብ አይታጠፍም። በ2021 ዩኤስ ኦፕንን፣ በ2023 ማስተርስን ወሰደ። ጆን ዴሊ ደግሞ ዱላውን ከልክ በላይ ወደ ኋላ እየወሰደ በ1991 ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን አሸነፈ። ርዝመቱን የሚወስነው ሰውነታችሁ ነው። ትከሻ መዞር ካቆመ በኋላ ክርን እያጠፉ ማስረዘም ኃይል አይጨምርም።

«ግራ ተረከዝ አይነሳም» ለሚሏችሁ ደግሞ ጃክ ኒክላውስ ያነሳ ነበር በሏቸው። 18 ሜጀር አለው።

«ኳስ በብዛት ምታ፣ ይስተካከላል»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ኳስ ፊታችን ሲቀመጥ መምታት እንጂ መዞር አናስብም፤ እጃችን ወደ ድሮ ልማዱ ይመለሳል። መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ ቀስ ብላችሁ ሥሩ። ስልካችሁን ከቀኝ ጎናችሁ ራቅ አድርጋችሁ፣ በእጃችሁ ከፍታ፣ ኳሱ በሚሄድበት መስመር አቁማችሁ ቅረጹ። አንድ ባልዲ ኳስ ከማራገፍ ቪዲዮውን አንዴ አይቶ አንድ ነገር ማረም ይሻላል።