ቁጥር፣ ዕጣና ሸራ፦ ስለ ጂኦሜትሪያዊ አብስትራክት ሥዕል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ዕጣ ከተጣለ ሠዓሊው እንደፈለገ ሠርቷል ማለት ነው»

«በዘፈቀደ» የሚለው ቃላችን ራሱ ያሳስታል። ከግእዝ የወረስነው ይህ ቃል «ፈቀደ»ን በውስጡ ስለያዘ፣ ሠዓሊው ደስ እንዳለው ቀለም የረጨ ይመስለናል። በጂኦሜትሪያዊ አብስትራክት ሥዕል፣ ማለትም ሰው ወይም ዕቃ ሳይሣል በካሬና በመስመር በሚሠራ ሥዕል ግን ዕጣ የሚጣለው የሠዓሊው ፈቃድ ገለል እንዲል ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሞሬሌ በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጎኑ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ሸራ በአግድም 200፣ በቁም 200 ቦታ ከፈለ። 40,000 ጥቃቅን ካሬዎች ወጡት። ከዚያ የስልክ ቁጥር ማውጫ ገልጦ አኃዞቹን እንደ ዕጣ ተከተለ፤ ለጎዶሎ አንድ ቀለም፣ ለተጋማሽ ሌላ ቀለም፤ ሰማያዊና ቀይ። ደንቡን ካወጣ በኋላ «እዚህ ጋ ቀይ ቢበዛ ያምር ነበር» ብሎ እጁን ማስገባት አይችልም። ይህን መሰሉን ራስን መግዛት በጣም አከብረዋለሁ።

«በዕጣ መሣል ኮምፒውተር ያመጣው ነው»

አይደለም። ሠዓሊው ሃንስ አርፕ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የወረቀት ቁርጥራጮችን በአጋጣሚ ሕግ ደርድሯል። ሠዓሊቷ ቬራ ሞልናርም ኮምፒውተር ያገኘችው በ1968 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ደንቧን አውጥታ፣ ራሷን እንደ ምናባዊ ማሽን ቆጥራ በእጇ ትሠራ ነበር።

«በዕጣ የተሠራ ሥዕል ወጥ የሆነ ብትንትን ብቻ ነው»

እዚህ ላይ የተሳሳተው ዓይናችን እንጂ ሥዕሉ አይደለም። ዕጣ ቀለሞችን እኩል የሚያዳርስ ይመስለናል፤ እውነተኛ ዕጣ ግን ያቧድናል። በሁለት ቀለም በተሞላ ሸራ ላይ አምስት ተከታታይ ካሬዎችን ብትመርጡ፣ ሁሉም አንድ ቀለም የመሆናቸው ዕድል ከ16 አንድ ነው። ባለ 200 ካሬ አንድ ረድፍ ላይ ይህ በአማካይ 12 ጊዜ ያህል ይከሰታል ማለት ነው። ስለዚህ ማንም ያላቀደው ደሴት፣ ሰንሰለትና መሰላል ከሸራው ይወጣል። ትንሽ ራቅ ብሎ ላየው፣ ይንቀጠቀጣል።

«ሒሳብ ከገባ ስሜት ይወጣል»

ሞልናር ሥርዓት ባላቸው ካሬዎች ላይ ጥቂት መዛነፍ ትጨምር ነበር፤ «1 በመቶ ሁከት» ብላዋለች። ያቺ ጥቂት መዛነፍ ድርድሩን ሁሉ ሕያው ታደርገዋለች። እንግሊዛዊው ኬኔት ማርቲን ደግሞ ከ1969 ጀምሮ የመረብ ነጥቦችን በቁጥር እየሰየመ፣ ቁጥሮቹን ሁለት ሁለት በዕጣ እያወጣ በመስመር ያገናኝ ነበር። መስመሮቹን ስመለከት ወዴት እንደሚሄዱ የመጠበቅ ጉጉት ያድርብኛል፤ ይህ ስሜት ካልሆነ ምን ይባላል?

«ሠዓሊው ምንም አልወሰነም»

ስንት ቀለም? ስንት ካሬ? ዕጣው ምኑን ይነካል፣ ምኑን አይነካም? ጀርመናዊው ሠዓሊ ገርሃርድ ሪክተር በ2007 በጀርመን ለሚገኘው ለኮሎኝ ካቴድራል በሠራው መስኮት ከ11,000 በላይ የመስታወት ካሬዎችን ቦታ የሰጠው በኮምፒውተር ዕጣ ነው። 72ቱን ቀለሞች ግን የመረጠው ከካቴድራሉ የመካከለኛው ዘመን መስኮቶች ቀለማት ተነሥቶ ነው። ብርሃኑ ከሌሎቹ መስኮቶች ጋር የሚስማማው በዚህ ምርጫ ነው።

«ስልቱ ከታወቀ ሥዕሉ ምሥጢሩን ያጣል»

ሞሬሌ ስልቱን አልደበቀም፤ ካሬዎቹን፣ ጎዶሎውንና ተጋማሹን፣ የስልክ ማውጫውንም በሥዕሉ ርዕስ ውስጥ ጽፏቸዋል። ርዕሱን ያነበበ ሁሉ ሥራውን ሊደግመው ይችላል። በሌላ ከተማ ማውጫ ከሠራው ግን አንድ ረድፍ እንኳ አይገጥምለትም።