ድጋፍን በራስ መምራት ምንድን ነው?

በአማርኛ «ራሱን ችሎ ይኖራል» ስንል የምናመሰግነው የሰው እጅ ሳያይ፣ ማንንም ሳያስቸግር የሚያድረውን ሰው ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾችም «ራስን ችሎ መኖር» የሚሉት ነገር አላቸው፤ በዚሁ ቃል ስለሚጠራ ግን ትርጉሙ ገና ከመነሻው ይጣመማል። ሰሚው «ልብሱን በራሱ መልበስ የማይችል ሰው ራሱን ቻለ እንዴት ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ተሟጋቾቹ የሚመለከቱት ሥራውን የሚሠራው እጅ የማን እንደ ሆነ አይደለም፤ ትእዛዙ ከማን አፍ እንደሚወጣ ነው። አንድን ሰው ሌላ ሰው ቢያለብሰውም እንኳ፣ የትኛውን ልብስ፣ መቼና በማን እጅ እንደሚለብስ ወሳኙ እርሱ ከሆነ በእነርሱ አነጋገር ራሱን ችሏል። በዚህ ምክንያት እኔ «ድጋፍን በራስ መምራት» የሚለውን አገላለጽ እመርጣለሁ።

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴን እንደ ምሳሌ ላንሣ። በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት ከወገቧ በታች ያለው ሰውነቷ አይታዘዝላትም፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የተከራየችው ክፍል ደፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ስለሚል ከቤት ለመውጣት ሁልጊዜ ሰው ያስፈልጋታል። ለዓመታት ስትረዳት የኖረችው ከገጠር የመጣች የአክስቷ ልጅ ነበረች። ልጅቱ የምትታዘዘው ግን ለጎረቤቴ እናት ነበር፤ ውጭ አገር ያለው የጎረቤቴ ወንድም የሚልከው ገንዘብ የሚገባው በእናትየው ስም ነበርና። ጎረቤቴ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ በርበሬዋን በዐይኗ አይታ ልትገዛ ስትነሣ «ምን ያንገላታሻል ልጄ፣ እኛ እናመጣልሽ የለም ወይ» ትባላለች። ይመጣላትም ነበር፤ ጥሩ በርበሬም ነበር፤ እርሷ ግን አልመረጠችውም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ወንድሟ ገንዘቡን በቀጥታ ለእርሷ ይልካል። አዲስ ረዳት ራሷ አፈላልጋ ቀጠረች፤ ደመወዟንም ራሷ ትከፍላታለች። አዲሷ ረዳት የማታ ተማሪ ስለሆነች የሥራ ሰዓቱን ሁለቱ ተነጋግረው አስተካከሉት። ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደምታሻግራት ያስተማረቻትም ጎረቤቴ ናት፦ «መጀመሪያ ፍሬኑን ቆልፊ፤ ከዚያ ብብቴ ሥር ያዢኝ፤ እስክነግርሽ ድረስ ግን እንዳታነሺኝ።» የጽንሰ ሐሳቡ ግማሽ በዚህች በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ሐሳቡን ያመነጩት ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። ኤድ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ በልጅነቱ በፖሊዮ ታሞ ከአንገቱ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዘው ካለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ጀመረ። እርሱና ተከታትለው የመጡት ተማሪዎች ረዳቶቻቸውን ራሳቸው ማዘዝን ተለማመዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በዚያው ከተማ በአካል ጉዳተኞች የሚመራ የመጀመሪያው ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተቋቋመ። ራሱም አካል ጉዳተኛ የሆነው ተሟጋች አዶልፍ ራትስካ ይህንኑ ልምድ ከካሊፎርኒያ ወደ ስዊድን አሻገረው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ ላይ በዋለው የስዊድን ሕግም ከባድ ጉዳት ያለበት ሰው ለግል ረዳት የሚሆነው ገንዘብ በሰዓት እየተሰላ ይመደብለታል። ረዳቱን በማኅበር በኩል ማግኘት፣ ከድርጅት መውሰድ ወይም ራሱ አሠሪ ሆኖ መቅጠር የሰውየው ምርጫ ነው።

ዓለም አቀፍ የሕግ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 19 አካል ጉዳተኞች የት እና ከማን ጋር እንደሚኖሩ የመምረጥ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የግል ረዳትንም በስም ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41ም መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያና ድጋፍ የሚሆን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ይሁን እንጂ በአገራችን የረዳቱን ነገር ዛሬም የተሸከመው ቤተ ዘመድ ነው።

ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ብለን ያደግን ነን። ችግሩ የሚጀምረው ረዳቱ ሳይታወቀው የነገሩ ወሳኝ ሲሆን ነው። ቋንቋችንም እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል፦ የዐይነ ስውሩን ዱላ ይዞ ከፊት የሚሄደውን ልጅ «መሪ» እንለዋለን፤ የሚሄዱበትን ቦታ የወሰነው ግን ከኋላ ያለው ሰው ነው። በጎንደር አብነት ትምህርት ቤቶች ዐይነ ስውር መምህር ብርቅ አይደለም፤ ተማሪዎቹ እጁን ይዘው ቢያደርሱትም፣ ማን ወንበር ዘርግቶ እንደሚያስተምር የሚጠራጠር የለም። ከቅጥሩ ውጭ ስንወጣ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ ዐይነ ስውር ወዳጄን ተከትዬ ወደ አንድ ባንክ ገባሁ። መታወቂያውን የሰጠው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞራ «ስንት ነው የሚያወጣው?» አለችኝ፤ ለፊርማውም ምስክር ካልመጣ አይሆንም ተባልን። ወዳጄ በሕግ የተማረ ሰው ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት እኩል ችሎታ እንዳላቸውና የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው መቆጣጠር እንደሚችሉ የሚደነግገው ይህን የመሰለውን ለማስቀረት ነው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ሰውስ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የሚመከረው በሰውየው ፈንታ ከመወሰን ይልቅ እንዲወስን ማገዝ ነው፦ ነገሩን በቀላል ቃል ማስረዳት፣ ሁለቱንም ዕቃ ፊቱ አስቀምጦ ማሳየት፣ መልሱን በምልክትም ቢሰጥ ታግሦ መጠበቅ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቸኩሎ የሚረዳ ሰው ለዚህ አይሆንም።

የባለሙያውም ቦታ ይለወጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት ባለሙያዎች እስከ ሰው ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ ዩኒቨርሲቲው በኦኩፔሽናል ቴራፒም (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ማከናወን እንዲችል በሚያግዘው ሙያ) ያሠለጥናል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ለዚያ የበር ደፍ መወጣጫ ሊያሠራ፣ ከአልጋ መነሻውን ዘዴ ሊያሳይ ይችላል፤ ዘዴውን መቀበልና አለመቀበል ግን የጎረቤቴ ውሳኔ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ አገልግሎት ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመቹ ደንግጓል፤ የኪራይ ቤት ደፍ ላይ ግን የአከራይ በጎ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቤተሰብ አጥብቆ የሚከራከረው ስለ አደጋ ነው። «ብትወድቅስ? ብትጋፋስ?» ይላል፤ ፍርሃቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ማንም ጤነኛ የምንለው ሰው ጥር 11 ሌሊት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ መጋፋቱን እያወቀ ነው የሚወርደው። ጎረቤቴ ዘንድሮ ለመሄድ ወሰነች። እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ጋቢ ደራረቡላት። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ባጃጅ አስጠርታ ከረዳቷ ጋር ወረደች፤ ከግንቡ አጠገብ የሚቆሙበትንም ቦታ የመረጠችው እርሷ ነበረች። ነግቶ ጸበሉ ሲረጭ ረዳቷ ጃንጥላ ልትዘረጋላት ስትል «ተዪው» አለቻት።